መኪናህን ማን ማን ነካው?

ልጄ፣ የላክህልኝ መልእክት ደርሶኛል። ማታ መብራት ስታበራ ፊውዝ ይቃጠላል፤ ጠዋት ደግሞ መኪናው ካልተገፋ አይነሳም። መካኒኩ ባትሪ ቀይር አለህ። ባትሪ ሻጩም፣ ሌላ ምን ሊልህ ነው፣ ቀይር አለህ። ቀየርክ። አዲሱም በሳምንቱ እንደ አሮጌው ሞቶ አደረ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ባትሪው ምንም አላጠፋም፤ ሌላ ቦታ የሚፈሰውን ዕዳ ሲከፍል አድሮ ባዶውን የተገኘ ምስኪን ነው።

አሁን ደግሞ ዲናሞውን ልትቀይር እንዳሰብክ ሰማሁ። ተው። ገንዘብህ ኪስህ ይቆይ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና መፍቻ ከማንሳትህ በፊት አንድ ነገር አጣራልኝ፦ ይህን መኪና ከአንተ በፊት ማን ማን ነካው? ምን ጨመረበት? ምንስ ነቀለለት?

ቶዮታ ይህን ባለ ሰባ ቁጥር ላንድክሩዘር ማምረት የጀመረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 ነው። ያንተው ዓይነት ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ ዋን ኤች ዜድ የሚሉት፣ በ1990 መጣ። ፋብሪካው የዘረጋለት ሽቦ ቀላል ነው፤ ቀለሙን ተከትለህ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትደርስበታለህ። እንደ ተዘረጋ ቢተውት ኖሮ ዕድሜውን በሰላም በጨረሰ ነበር። ግን ማን ይተወዋል?

ያንተ ሃርድቶፕ መጀመሪያ የእርዳታ ድርጅት መኪና ነበር ብለኸኛል። እንግዲያው የመገናኛ ሬዲዮ ነበረው፤ ያ ፓራውልቱ ላይ ረጅም አንቴና የሚቆምለት። የዚያ ሬዲዮ ሽቦ ወፍራም ነው፤ ከባትሪው በቀጥታ ተነስቶ የሞተሩን ክፍል ግድግዳ በስቶ ወንበር ስር ይገባል። መኪናው በጨረታ ሊሸጥ ሲል ሬዲዮው ይነቀላል፤ ሽቦውን ግን ማን ብሎት! በፒንሳ ቁርጥ፣ በናስትሮ ጥቅልል፣ ምንጣፍ ስር ውትፍ። ሌላኛው ጫፉ ግን ከባትሪው ጋር እንደታሰረ ነው። ቀጣዩ ባለቤት ዘፈን ይወድ ነበርና ቴፕና አምፕሊፋየር ጨመረ። ከሱ የገዛው ደግሞ ማታ ማታ ወደ ላሬ ይመላለስ ስለነበር ፖርቶ መጋላው ላይ ፓውዛ ደረደረ። ቀጥሎ አንተ መጣህ፤ ተሳፋሪ ስልኩን ይሙላ ብለህ ከኋላ ቻርጀር አስገጠምክ። ልጁ ያንን ሽቦ ከየት እንደጠለፈልህ ጠይቀኸዋል? ልንገርህ፤ አጠገቡ ካገኘው ሽቦ ነው።

እኔ እስካሁን ባየሁት የአሮጌ መኪና ኮንታክት ከፋብሪካው ሽቦ ይልቅ ሰው ከቀጠለው ይነሳል። ስለዚህ ጠርጥር፤ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር። ቀለሙ ከሌሎቹ የማይመሳሰል፣ ናስትሮ የበዛበት፣ ከጥቅሉ ወጥቶ ለብቻው የሚንከራተት ሽቦ ካየህ መጀመሪያ የምትይዘው እሱን ነው።

አገሩም ቢሆን አያግዝህም። ከጎሬ ቁልቁል ስትወርድ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተነስተህ አምስት መቶ አካባቢ ላይ ባሮ ዳር፣ ጋምቤላ ላይ ታርፋለህ። ጎሬ ላይ ጃኬት ለብሶ የተነሳ ሾፌር መንገዱ ላይ ያለችው ቦንጋ ሳይደርስ ያወልቃል። የካቲትና መጋቢት ላይ ጋምቤላ ኒውላንድ ሰፈር በጥላው እንኳ አርባ ዲግሪ ሲያልፍ ኮፈኑ ስር ምን እንደሚሆን አስበው። የሽቦው ልባስ ፕላስቲክ ነው፤ የሚያለሰልሰው ቅመም በሙቀትና በዘመን ብዛት እየለቀቀው ይሄዳል። አዲስ ሽቦ ብታጥፈው እሺ ይልሃል፤ ይሄኛው ግን ቀጭ ብሎ ይሰነጠቅና መዳቡ ራቁቱን ይቀራል። ክረምት ሲገባ ደግሞ የኢታንግ መንገድ ጥቁር ጭቃ ሻንሲው ላይ ይለጠፋል፤ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆንና ሽቦውን ብረት ላይ ሲፈገፍገው ይከርማል። በ2014 ዓ.ም ክረምት ባሮ ሞልቶ ጋምቤላ ከተማንም ኢታንግንም ላሬንም ሲያጥለቀልቅ ውሃ ውስጥ ገብቶ የነበረ መኪና ካለ፣ ሶኬቶቹን ፈትቶ ያላጸዳ ባለቤት ዛሬም አረንጓዴ ዝገት ያገኝባቸዋል። በቆሎና ማሽላ የሚጫንበት መኪና ላይ ደግሞ አይጥ አትርሳ። ቅድም የተረትኩት ተረት ብቻ አይደለም፤ አይጥ የሽቦ ልባስ ትበላለች።

አሮጌ ነው፣ ሽጠው የሚሉህን አትስማ። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስመጣትን አክብዶታል፤ በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። እዚህ አገር ያለው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዘመን ይነዳል፤ ሽቦውን ማወቅ ያዋጣሃል።

አሁን ስለ ፊውዙ እንነጋገር። ፊውዝ ዘበኛ ነው፤ ቤቱ እንዲተርፍ እሱ ይሞታል። ዘበኛው በየማታው ሞቶ የሚገኝበት ሰው ገዳዩን ይፈልጋል እንጂ የማይሞት ዘበኛ አይቀጥርም። አንተ ግን ምን አደረግህ? ቀዩ 10 አምፔር ሲቃጠል ሰማያዊውን 15 ከተትክ፤ እሱም ሲቃጠል አረንጓዴውን 30። ረዳትህ ደግሞ አንድ ቀን መንገድ ላይ የሲጋራ ብር ወረቀት ጠቅልሎ እንደሰካልህ እየሳቅህ ነግረኸኛል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ያ ወረቀት የሚያስጥልህ እንዳይመስልህ። የኋላና የፊት ትንንሽ መብራቶች፣ የታርጋውና የዳሽቦርዱ አምፖሎች ሁሉ ቢደመሩ ከ40 ዋት ብዙም አይበልጡም። 40ን ለ12 ቮልት አካፍለው፤ ከሦስት አምፔር ብዙም አይዘልም። ስለዚህ 10 አምፔሩ ፊውዝ በነዚህ አምፖሎች ብቻ አይቃጠልም። ከተቃጠለ ኤሌክትሪኩ አቋራጭ አግኝቷል ማለት ነው።

አቋራጩን፣ ኮንታክት የምንለውን፣ ከተረዳኸው ግማሹን ሥራ ጨረስክ። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነስቶ በሽቦ ወደ አምፖሉ ይሄዳል፤ አምፖሉን አብርቶ በማሳ፣ ማለትም በራሱ በመኪናው ብረት፣ ወደ ኔጋቲቩ ይመለሳል። መጠኑን የሚገድብለት አምፖሉ ነው። ሽቦው አምፖሉ ጋ ሳይደርስ ብረት ከነካ ግን ልጓም የለውም፤ ባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር በአንዴ ሊለቅ ይችላል። ያኔ መጀመሪያ መቃጠል ያለበት ፊውዙ ነው። ፊውዙ እንዳይቃጠል ካደረግኸው ሽቦው ይቃጠላል፤ ብቻውን ደግሞ አይቃጠልም፣ ጥቅሉን ሁሉ ይዞ ነው።

ወደ ፍለጋው እንግባ። መጀመሪያ ባትሪህን እይ። ያንተው 12 ቮልት ነው፤ የአጎትህ አይሱዙ ግን ሁለት ባትሪ በተከታታይ ስለታሰረለት 24 ነው፤ እሱ ላይ ስትሞክር የምትጠቀምበት አምፖልም የ24 ይሁን። ከዚያ አንድ የፍሬቻ አምፖል ውሰድ፣ ባለ 21 ዋቱን። አንድ ሽቦ ቆርቆሮው አካሉ ላይ፣ ሌላ ሽቦ ከታች ያለችው ጉብታ ላይ በስታኞ አያይዝለት። የተቃጠለውን ፊውዝ ንቀልና በቦታው፣ በሁለቱ ጥርሶች መካከል፣ ይህን አምፖል አገናኝ። ቴስተር መኖሩ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን እኔ አምፖሏን እመርጣለሁ። ከሁለት አምፔር በታች ነው የምታሳልፈው፤ ኮንታክቱ እንዳለ ቢሆንም ሽቦ አይነድም፣ ፊውዝ አታባክንም፣ ቀኑን ሙሉ ብትፈልግ አብራህ ትውላለች።

ከመጀመርህ በፊት ታዲያ የዚያን መስመር አምፖሎች ሁሉ ከየቦታቸው አውጣ፤ ከፊትም ከኋላም ከታርጋውም። ያልበራ ቀዝቃዛ አምፖል ኤሌክትሪክ እንደ ልብ ያሳልፋል፤ ሳታወጣቸው ከሞከርክ የሙከራዋ አምፖል በነሱ በኩል በርታ ኮንታክት ያገኘህ ይመስልህና ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ትገባለህ። የዳሽቦርዶቹ ጥቃቅኖች ቢቀሩ ግድ የለም፤ በነሱ በኩል ደብዘዝ ብላ ነው የምትበራው።

መብራቱን አብራ። የሙከራዋ አምፖል ቦግ አለች? ደስ ይበልህ፤ ኮንታክቱ አልሸሸም። የሚያስቸግረው አንዴ መጥቶ አንዴ የሚጠፋው ነው።

እዚህ ላይ ኮፈኑ ስለተከፈተ ብቻ ኒውላንድ ሁሉ መካኒክ ይሆንብሃል። «ማሌ» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ የቆመ ሁሉ አንድ አንድ ምርመራ ጥሎልህ ይሄዳል፤ አንዱ ሪሌ ነው፣ አንዱ ሞተሪኖ ነው፣ አንዱ ዱሮም ይህ መኪና ገፊ ነበር ይልሃል። ሰላምታውን ተቀበል፣ ምርመራውን ተወው። የመጨረሻው ግን፣ መኪናውን ዱሮ አውቀዋለሁ የሚለው፣ እሱን አስቀምጥና ሻይ አስመጣለት፤ ማን ምን እንደገጠመበት የሚነግርህ እሱ ነው።

ከፊት እስከ ኋላ ያለውን ሽቦ ሁሉ ልትገልጥ እንዳትነሳ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። መሃሉን ክፈለው። አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋላ የሚሄደው ጥቅል ከፊተኛው ጋር የሚገናኝበት ሶኬት እግር ማሳረፊያው አጠገብ፣ ከጎን ሽፋኑ ስር ይገኛል። ንቀለው። አምፖሏ ከጠፋች ችግሩ ከሶኬቱ ወደ ኋላ ነው፤ ካልጠፋች ወደ ፊት። አንድ ሶኬት በመንቀል ግማሹን መኪና ከጥርጣሬ ነፃ አወጣህ። የቀረውን ግማሽ እንደገና ከፍለው።

ወደ ኋላ ነው እንበል። ቀጥለህ ሽቦ ከሚንቀሳቀስ ነገር ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስበትን ቦታ እይ። የታርጋው መብራት በሩ ላይ ከሆነ ሽቦው በማጠፊያው በኩል፣ በጎማ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። የቱቦውን ጫፍ በካቻቢቴ ላላ አድርገህ ወደ አንድ ወገን ሰብስበው። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሽቦዎቹ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚታጠፉት፤ ልባሱ የሚሰነጠቀውም እዚያው ላይ ነው። በጥፍርህ ገለጥ ገለጥ እያደረግህ እያቸው፤ መዳቡ ጠቁሮ፣ ከመዳቡ ክሮች ግማሾቹ ተበጥሰው፣ ትይዩ ያለው የበሩ ብረት ቀለሙ ተልጦ የቃጠሎ ጠባሳ ይዞ ታገኘዋለህ። ረዳትህ በሩን ቀስ እያለ ይክፈት፣ ይዝጋ፤ አንተ ዓይንህን ከአምፖሏ ላይ አትንቀል። በሩ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቦግ፣ ሲዘጋ ድርግም ካለች ሌላ ምስክር አትፈልግ።

በሩ ንጹህ ከሆነ በሻንሲው በኩል ሂድ። ሽቦ ብረት በስቶ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት መኖር አለበት፤ ጎማው ከወለቀ ብረቱ ቢላ ነው። ከጭስ ማውጫው አጠገብ የሚያልፈውን፣ ተጎታች ተስቦበት ከነበረ የተጎታቹን ሶኬት፣ የኋላ መብራቱን ቤት ውስጡን እይ። እየሄድክ ጥቅሉን በእጅህ ወዝወዝ አድርገው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ፤ እዚህ ግን አጥሩን ሳትነቀንቅ ባለቤቱ አይወጣልህም። ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚቃጠል ፊውዝ ከሆነም ዝናብ አትጠብቅ፤ የውሃ ኮዳ ይዘህ ሶኬት በሶኬት እርጭት አድርግበት።

የጠዋቱ መገፋት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ምናልባትም ከመብራቱ ኮንታክት ጋር ዝምድና የለውም። ይህኛው ፊውዝ አያቃጥልም፣ አይጨስም፤ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ነው። አንድ አምፔር ብቻ ሌት ተቀን ቢፈስስ 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በሁለት ቀን ተኩል ባዶ ይሆናል፤ ሞተር ማስነሳት የሚያቅተው ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ ነው። ሁሉን አጥፍተህ፣ በሮቹን ዘግተህ፣ የኔጋቲቩን ገመድ ከባትሪው ንቀል፤ ያችኑ አምፖል በባትሪው ጫፍና በገመዱ መካከል አገናኛት። ኮምፒውተር የሌለው መኪና ተኝቶ ሳለ የሚጠጣው ለሰዓቱና ለቴፑ የምትሆን ጠብታ ናት፤ አምፖሏ መብራት የለባትም። ከበራች ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀልክ የምትጠፋበትን ያዝ። ሁሉንም ነቅለህ ካልጠፋች ያ በፊውዝ ሰሌዳው የማያልፈው የሬዲዮ ሽቦ፣ የአምፕሊፋየሩ ወይም የፓውዛው ነው። እነሱም ንጹህ ከሆኑ ያኔ ብቻ ዲናሞውን ጠርጥር፤ ውስጡ ያሉት ዳዮዶች ከተበላሹ ኤሌክትሪክ ወደ ኋላ ያፈሳሉ። ወፍራሙን ሽቦ ከዲናሞው ከመፍታትህ በፊት ግን አምፖሏን ከባትሪው ላይ አንሳ፤ ገመዱ እንደተያያዘ መፍቻህ ብረት ከነካ አዲስ ኮንታክት የሠራኸው አንተ ነህ። በቴስተር አምፔር የምትለካ ከሆነም ሞተር ለማስነሳት ቁልፍ እንዳትነካ፤ ቴስተሩ እዚያው ያልቃል።

የጣት ቀለበትህንና የእጅ ሰዓትህን አውልቀህ ሥራ። ስትፈታ ኔጋቲቭ ይቅደም፤ ስትገጥም ኔጋቲቭ ኋላ ይግባ። ገና ሲሞላ የቆየ ባትሪ አጠገብ ብልጭታ አታድርግ፤ የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳል። የናፍጣ ሞተር ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም የሚሉህንም በግማሽ ብቻ እመናቸው፤ ያንተው የናፍጣ ፓምፕ ላይ ቁልፍ ሲዞር የምትከፈት ቫልቭ አለች፣ ወደ እሷ የሚሄደው ሽቦ ኮንታክት ካደረገ ሞተሩ ጸጥ ይላል፤ ኒውላንድ ገበያ ላይ ይሁን ላሬ መንገድ መሃል እሱ አይመርጥልህም። ጭስ ከሸተተህ ሰው አውርድ፣ ቁልፉን አጥፋ፣ ኔጋቲቩን ንቀል። ለዚያ የሚሆነው መፍቻ ሁልጊዜ የበሩ ኪስ ውስጥ ይኑር፤ ከዕቃ ሳጥን ሥር እስክትፈልገው ድረስ አይጠብቅህም። የዱቄት እሳት ማጥፊያም ግዛ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ልጄ፤ ናፍጣና አሥር ተሳፋሪ የጫነ መኪና ነው የምትነዳው።

ስታገኘው ደግሞ ናስትሮ ብቻ ጠቅልለህ እንዳትሄድ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ፤ የናስትሮው ሙጫ በኛ ሙቀት ይቀልጥና በወሩ ይፈታል። የጠቆረውን መዳብ ቆርጠህ ጣል፤ የሚያብረቀርቅ መዳብ እስክታገኝ ወደ ኋላ ተመለስ። ውፍረቱ የማያንስ ሽቦ ቀጥል፣ በስታኞ በየደው፣ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ አልብሰው፣ ናስትሮውን ከዚያ በላይ ጠቅልል። ብረት እንዳይነካ እሰረው፤ በሩ ላይ ከሆነ ለመታጠፊያ የሚሆን ላላ ያለ ትርፍ ተውለት። የሬዲዮውን የሞተ ሽቦ ከባትሪው ሥር ንቀልና ሙሉውን ጎትተህ አውጣ። ቻርጀሩ በራሱ ፊውዝ፣ ከባትሪው አጠገብ በተተከለ ፊውዝ፣ እንደገና ይዘርጋ፤ ፓውዛውም ሪሌ ይግባለት። ከዚያ ያችኑ አምፖል በፊውዙ ቦታ እንደሰካህ፣ የመብራቶቹን አምፖሎች እንዳወጣህ፣ ቀን በብርሃን መብራቱን አብርተህ ጭቃውና ጉድጓዱ እያንገጫገጨህ ትንሽ መንገድ ሂድ፤ ረዳትህ አምፖሏን እያየ። አንዴም ቦግ ካላለች ሥራህን ጨርሰሃል።

ቅዳሜ ጠዋት ሙቀቱ ሳይነሳ መኪናውን አምጣ። ባትሪው ተሞልቶ ይደር። ሁለት የፍሬቻ አምፖል፣ አራት ሜትር ሽቦ፣ ስታኞና ናስትሮ ያዝ። ቻርጀሩን የገጠመልህንም ልጅ ይዘኸው ና፤ አልቆጣውም፣ ሽቦውን ከየት እንደጠለፈ ብቻ ያሳየኝ። ፊውዝ አትግዛ፤ ገና ነው።